ሚሊሜትር እና የዋና አስተማሪዋ ልብስ

ባለ ላሜራው ሚስቱን መጀመሪያ ያያት ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው። የልብስ ፋብሪካው አሸንዳ ተበስቶ ሊቀይር ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ባለው የመስታወት መስኮት ቁልቁል ሲመለከት፣ አንዲት ቀጭን ሴት ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ቡናማ ወረቀት ትቆርጣለች። ሁለት ቁራጭ አወጣች። ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው፤ የአንዱ ጠርዝ ወደ ውጭ ጎበጥ ያለ ነው፣ የሌላውም እንደዚያው። ጠርዝ ከጠርዝ እየገጠመች በፕላስተር ስታያይዛቸው ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ ተነሣና ጎድጓዳ ሆነ። ሳይጨማደድ፣ ሳይቀደድ፣ ሙልት ያለ ጎድጓዳ።

ባለ ላሜራው መዶሻውን እንደያዘ ቀረ። እሱ ከጠፍጣፋ ብረት ክብ ነገር ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ የሚውል ሰው ነው። ቱቦ ይጠቀልላል፣ የጭስ ማውጫ ያጥፋል፣ ሾጣጣ ነገርም ያወጣል። ጎድጓዳ ግን ያለ ዱላ አይወጣም፤ ከአባቱ የተማረው እንዲህ ነው። ይቺ ሴት ደግሞ አንዴም ሳትመታ አወጣችው።

ነገሩ ስለከነከነው ወርዶ ገባ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ያ ነገር ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ያ ጎድጓዳው።»

ቀና ብላ አየችው። «ጡት ማስያዣ» አለችው፣ ሸሚዝ ነው እንደማለት ቀለል አድርጋ።

ባለ ላሜራው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። አመሰግናለሁ ብሎ፣ ለምን እንዳመሰገነ ሳያውቅ፣ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ወጣ። አሸንዳው ግን በዚያ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ተበሳ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀዳዳውን ያገኘው እሱ ራሱ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ።

ፋብሪካው ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። «ሚሊሜትር» ነበር የሚሏት። ሰፊዎቹ የጨረሱትን እያገላበጠች «ሁለት ሚሊሜትር ገብቷል፣ ይፈታ» ማለት ልማዷ ነው። መጀመሪያ ስሙን ያወጡላት ተናደው ነበር፤ በኋላ በፍቅር ሆነ።

ፋብሪካው ድሮ ሸሚዝ ነበር የሚሠራው። ወደ ጡት ማስያዣና ወደ ዋና ልብስ ሲዞር ልብሱ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ፣ ፓተርኑ፣ በካርቶን ታሽጎ ከሩቅ አገር መጣ። ተሰፋ። የመጀመሪያዎቹን የለበሱት ሰፊ ሴቶቹ ራሳቸው ነበሩ። የአንዷን ማንገቻው ትከሻዋን ሠረሠራት፤ የሌላዋን ሽቦው ብብቷ ሥር ወጋት፤ ሦስተኛዋ እጇን ስታነሣ ልብሱ ሁሉ አብሮ ወደ አንገቷ ወጣ። አለቃው አቤቱታውን ሰምቶ፣ «ልብሱ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆናችሁት እናንተ ናችሁ» አለ።

ሚሊሜትር ያኔ ወረቀት ቆራጭ ብቻ ነበረች። አንዱን ጡት ማስያዣ ይዛ ቤቷ ገባችና ስፌቱን በምላጭ ጫፍ ክር በክር ፈታችው። መዳፍ የማይሞላ የሚመስል ነገር ሃያ ስድስት ቁራጭ ሆኖ ጠረጴዛዋን ሞላው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሃያ ስድስት ቁራጭ ስትገጥምና ስትለያይ ኖረች። ክብደቱን የሚሸከመው ማንገቻው ሳይሆን ደረትን ዙሪያውን የሚያስረው መቀነት መሆኑን ያወቀችው በዚያ ጊዜ ነው። ጡቱ የሚያርፍበትን ክፍል «ቤት» ትለዋለች። ቤቱ ከላይ ገባ፣ ከታች ሞላ፣ ወደ ጎን ደግሞ ትንሽ ዘንበል ያለ መሆን አለበት፤ እንደ ኳስ ግማሽ የሆነ ጡት ያለው የሥዕል ሰው ብቻ ነው ትላለች። አለቃውም ሥራዋን አይቶ ፓተርን ክፍሉን ለቀቀላት።

እነዚህን ሁሉ ባለ ላሜራው ያወቀው ከተጋቡ በኋላ ነው፤ ቢሆንም በደንብ አላወቀውም ማለት ይሻላል። ፋብሪካው ተዘግቶ ሚስቱ ሥራዋን ወደ ጓዳቸው ስታዞር እንኳ፣ በወርክሾፑ ሰዎች ሲጠይቁት «ልብስ ሰፊ ናት» ነበር መልሱ።

«ምን ዓይነት ልብስ?»

«የሴት።»

«የሴት ምን?»

«የሴት ልብስ አልኩህ እኮ!» ብሎ መዶሻውን ያነሣል። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

ጓዳው ጠባብ ነበር። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ረጅም መስታወት። ግድግዳው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ሲባጎ ተወጥሮ የካርቶን ፓተርኖች ተሰቅለውበታል። እያንዳንዱ ጥቅል የአንዲት ሴት ነው። ስም አይጻፍበትም፤ ሚሊሜትር ቁጥር ብቻ ነው የምትጽፈው፣ ደንበኞቿም ይሄን ያውቁላታል።

አንድ ቀን ባለ ላሜራው ምሳ ሊበላ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ቁልቁል የተዘረጋ የዋና ልብስ አየ። የስድስት ዓመት ልጅ ልክ ይሆናል።

«ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«የአትክልት ሻጭዋ።»

«ልጅ አላት እንዴ?»

«የራሷ ነው።»

አትክልት ሻጭዋ በበራቸው ስትገባ ወደ ጎን ዞር የምትል ሴት ናት። ባለ ላሜራው ሳቁ አመለጠው። ሚስቱ አልተቆጣችም። ልብሱን አንሥታ በሁለት እጇ ወደ ጎን ሳበችው፤ ተከፈተ። ወደ ታች ሳበችው፤ በዚያ በኩል ግን እምብዛም አልሄደላትም። «ጨርቁ ስለሚለጠጥ ወረቀቱ ከሴትዮዋ ማነስ አለበት። ምን ያህል እንደሚያንስ ግን በወርዱ ሌላ ነው፣ በቁመቱ ሌላ ነው። ጡቱ ጋ ደግሞ ጭራሽ ማነስ የለበትም» አለችው።

«የኔ ላሜራ እንዲህ የሚለጠጥ ቢሆን አብጄ ነበር» አለ። ከዚያ ምሳውን በላ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን አንድ አሸንዳ ሁለቴ ተሳስቶ ቆረጠ፤ ሐሳቡ ጓዳው ውስጥ ቀርቶ ነበር።

የዋና አስተማሪዋ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ትከሻዋ የወንድ የሚያህል ቁመተ ረጅም ሴት፤ ከውሃ ጩኸት በላይ ስትጮኽ የኖረች ስለሆነች በሹክሹክታ ስታወራ እንኳ መንገድ ላይ ይሰማል። የያዘችውን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። አራት የዋና ልብስ ወደቀ።

«አራቱንም ውሰጂያቸውና መወልወያ አድርጊያቸው» አለች። «ሰው ሁሉ አንቺ ጋ ሂጂ አለኝ። ስሚኝ እህቴ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ዋና አስተምሬያለሁ። በልጅነቴ ከትልቁ መዝለያ ላይ ነበር የምወረወረው። ከሦስተኛ ልጄ በኋላ ሰውነቴ ሌላ ሆነ። ዘልዬ ስገባ ልብሱ ሌላ ቦታ፣ እኔ ሌላ ቦታ። አንድ እጄ ለዋና፣ አንድ እጄ ለራሴ። በአንድ እጅ ደግሞ ማን ዋኝቶ ያውቃል? ስድስት ዓመቴ ነው ዳር ቆሜ በዱላ እየጠቆምኩ ሳስተምር።» ድምፅዋ በድንገት ዝቅ አለ። «ዳር የቆመ አስተማሪ ልጅ አያምነውም።»

ሚሊሜትር መለኪያዋን ከአንገቷ አወረደች። «ጋሼ ወጣ በል» አለች ባሏን፤ ደንበኛ ፊት እንዲህ ነው የምትጠራው።

ለአንድ ሰዓት ያህል ለካቻት። ከዚያ ለባሏ ካርቶን ላይ የተሣለ ቅስት አምጥታ ሰጠችው። ገበያ ያለው የጡት ማስያዣ ሽቦ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ለአስተማሪዋ ጠባብ ነው፣ ብብት በኩልም ይረዝማል። «ይሄን አጥፍልኝ።»

«ሽቦ ማጠፍ? ይሄማ የጨዋታ ሥራ ነው።»

የማይዝግ ጠንካራ ሽቦ ፈልጎ ሞርሳው ላይ አሰረ። እንዲህ ያለ ሽቦ ሲለቁት ተመልሶ ስለሚከፈት ከሥዕሉ አልፎ ማጠፍ እንዳለበት ያውቃል፤ አጠፈ፣ ጫፉን በሞረድ አለሰለሰ፣ ይዞላት ገባ። ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

«ግራው አንድ ሚሊሜትር ወጥቷል።»

«አንድ ሚሊሜትር ሰው ይገድላል እንዴ?»

ሽቦውን መለሰችለት። «ብብትህ ሥር በፕላስተር ለጥፈው ዋል። ማታ ትነግረኛለህ።»

እልኸኛ ስለሆነ ለጠፈው። ሸሚዙን ደርቦ ወርክሾፕ ገባ። እስከ ረፋድ ድረስ ረስቶት ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ሊያነሣ እጁን በዘረጋ ቁጥር አንድ ቦታ፣ ያው አንድ ቦታ፣ ወጋ እያደረገ ይይዘው ጀመር። ምሳ ሰዓት ላይ በግራ እጁ መዶሻ ማንሣት አቃተው። ማታን አልጠበቀም። ሸሚዙን እየፈታ ጓዳ ገባና ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ብብቱ ሥር የእህል ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች።

«ገባኝ» አለ።

ሚሊሜትር ነጥቧን በጣቷ ነካ አድርጋ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። እነዚያ የፋብሪካው ሰፊ ሴቶች ታወሱት፤ በዚህ ዓይነት ሽቦ ስንት ሴት ስንት ዓመት እንዳሳለፈች አሰበ፤ አንዷም ነግራው እንደማታውቅ አሰበ።

የመጀመሪያው ልብስ በሦስት ሳምንት አለቀ። አስተማሪዋ ለብሳ መስታወቱ ፊት ዘለለች፣ ጎንበስ አለች፣ እጇን አሽከረከረች፤ ምንም ነገር ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሚሊሜትርን አቅፋ ከመሬት አነሣቻት። በማግስቱ ግን ልብሱን እርጥቡን በከረጢት ይዛው መጣች፤ ፊቷን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

«ልፋትሽን ውሃ በላው፣ እህቴ። ስዘል ውሃው በላይ በኩል ገባና እንደ ባልዲ ሞላው። ሽቦው ወደ ላይ መጣ። ያው አንድ እጄ ለራሴ።»

ሚሊሜትር ሁለት ቀን ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። ባለ ላሜራው ምግብ ያቀርብላታል፣ ሰሃኑን እንዳለ ያነሣል። በሦስተኛው ቀን እሱ ጫማውን ሲያስር ድንገት፣ «እኔ የለካሁት መሬት ላይ ያለችውን ሴት ነው» አለች።

«ሌላ ሴት አለች እንዴ?»

«አለች። ውሃ ውስጥ ያለችው ሌላ ሴት ናት። ውሃ ያነሣታል። እኔ ደግሞ አይቻት አላውቅም።»

ችግሩ፣ ሚሊሜትር ውሃ ከጉልበቷ ካለፈ ነፍሷን የማታውቅ ፈሪ ናት። ዋና የማትችል የዋና ልብስ ባለሙያ። ባለ ላሜራው ይሄን ሲያስብ ቆየና ወደ ወርክሾፑ ሄደ። ከላሜራ ባልዲ የመሰለ ሰፊ ሣጥን ሠራ፤ ታቹን ግን ክፍት ትቶ መስታወት ገጠመበት፣ ዙሪያውን ውሃ እንዳያስገባ በማስቲሽ ደፈነ። ከገንዳው ዳር በሆዷ ተኝታ ሣጥኑን ውሃው ላይ ብትጫነው፣ ፊቷ ሳይርስ እስከ ገንዳው ወለል ድረስ ታያለች።

ሚሊሜትር በበኩሏ ለሙከራ በሰፋችው ነጭ ልብስ ላይ በቀይ ክር መስመር ሠራችበት፤ ጣት በጣት ርቀት አግድምና ቁመቱን፣ እንደ ሒሳብ ደብተር። ገንዳው ለሰው ከመከፈቱ በፊት፣ ማለዳ፣ ሦስቱ ሆነው ሄዱ። ባለ ላሜራው በር ላይ ልቆይ ቢል አስተማሪዋ፣ «ኧረ ግቡ ጋሼ! የዋና ልብስ ለብሻለሁ እኮ፤ ካፖርት ልደርብላችሁ?» ብላ ጮኸችና አዳራሹ መልሶ አስተጋባባት።

ውሃው ሰው ስላልገባበት እንደ መስታወት ረግቶ ተኝቷል። አስተማሪዋ በመሰላሉ ወርዳ ገባች። ሚሊሜትር በሆዷ ተኛች፤ ባለ ላሜራው ምናልባት ብትንሸራተት ብሎ ቁርጭምጭሚቷን ጥርቅም አድርጎ ያዘ። ፊቷን ሣጥኑ ውስጥ ከተተች።

ባለ ላሜራው ከኋላዋ ጠየቃት።

«ምን ይታይሻል?»

ቆይታ ፊቷን ስታነሣ ዓይኗ ርሷል፤ የገንዳው ውሃ ግን አልነካትም ነበር። «ና እየው» አለችው።

እሱም ተኛና አየ። መሬት ላይ ስትራመድ ወለሉን የምታንቀጠቅጠው ሴት፣ እዚያ ታች ክብደት የሚባል ነገር የላትም። ቀያዮቹ መስመሮች ሁሉ ተነሥተዋል። ጓዳ ውስጥ ወደ ታች ጎብጠው የነበሩት አግድም መስመሮች አሁን ወደ ላይ ቀስት ሠርተዋል፤ እጇን ስትዘረጋ ቀስቱ ይከፈታል፣ ስትሰበስብ ይዘጋል። አንዲት ሴት፣ ሁለት አካል። ባለ ላሜራው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ነገር ሁሉ ከሠራው በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። ሚስቱ ግን ለሚተነፍስ፣ ለሚነሣና ለሚወርድ፣ እያዩት ለሚለወጥ ነገር ነው ወረቀት የምትቆርጠው። ይሄ ሐሳብ ሲገባው ሣጥኑን ለቆ ሚስቱን አያት፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ የመስመሮቹን መታጠፍ በእርሳስ እየሣለች ነበር።

ሁለተኛው ልብስ ሁለት ወር ፈጀ። ሚሊሜትር ልብሱን ለሁለት ከፈለችው፤ ውስጥ ለብቻው የቆመ የማይለጠጥ ጡት ማስያዣ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ለብቻው የሚላወስ ውጫዊ ልብስ። ሁለቱ የሚገናኙት ማንገቻውና መቀነቱ ላይ ብቻ ነው፤ ውሃው ውጭኛውን ቢጎትት ውስጠኛው አይሰማውም። የላይኛውን ጠርዝ አሳጥራ ደረት ላይ ጥብቅ እንዲል አደረገችው፤ ከታች ደግሞ የገባ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ መተላለፊያ ተወችለት። ባለ ላሜራው ሰባት ጥንድ ሽቦ አጠፈላት። ስድስቱን መለሰችበት። አንዴም አልተከራከራትም። ሰባተኛውን ካርቶኑ ላይ አስቀምጣ ዝም ስትል ዝምታው ከምስጋና በላይ ሆነለት።

ልብሱ ሊሞከር በተወሰነበት ቀን ጠዋት አስተማሪዋ ወደ ትልቁ መዝለያ ስትወጣ ደረጃው ሥር ቆም አለች። ስድስት ዓመት ረጅም ነው። ከዚያ ወጣች። ከላይ ሆና ስትታይ ትንሽ ነበረች። ሚሊሜትር እንደ በፊቱ በሆዷ ተኝታ ፊቷን ሣጥኑ ውስጥ ከታለች፤ ባለ ላሜራው ቁርጭምጭሚቷን ይዞ ቀና ብሎ ይመለከታል።

አስተማሪዋ እጆቿን ከራሷ በላይ አጋጥማ ተወረወረች። በአየር ላይ የነበረችበት ቅጽበት ለባለ ላሜራው ዓመት መሰለው። ውሃው ተሰነጠቀ፣ ተዘጋ፣ ጸጥ አለ።

ብቅ ስትል ሁለት እጇ ፊቷ ላይ ነበር፤ ውሃውን ከዓይኗ እየጠረገች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ እየመለሰች። ሁለቱም እጆቿ። ደረቷ ጋ የሄደ እጅ አልነበረም። እሷም ይሄን ያወቀችው ቆይታ ነው መሰል፣ እጆቿን ከፊቷ አውርዳ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየቻቸው። ከዚያ ያ ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልተቻለም። ዞር ብላ በሁለት እጇ ውሃውን እየቀዘፈች ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ቆረጠችው፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች።

ሚሊሜትር ዝላዩን አላየችም፤ ከታች የሆነውን ግን አይታለች። ፊቷን አነሣች።

«እንዴት ነው?» አላት ባሏ።

«አልተንቀሳቀሰም» አለች። ቆየት ብላም፣ «ግራው ትንሽ ይስባል» አለች።

ባለ ላሜራው ቁርጭምጭሚቷን እንደያዘ ቆየ።

አስተማሪዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ውስጥ ሆና ማስተማር ቀጠለች። ወሬው እንደ ጉድ ተዛመተ፤ ቆማ የምትውል የባንክ ሠራተኛ መጣች፣ ጀርባዋን የሚያማት ነርስ መጣች፣ የባለ ላሜራው ታላቅ እህት እንኳ «ወንድሜ እንዳይሰማ» ብላ መጣች፤ ሽቦውን የሚያጥፈው እሱ መሆኑን አላወቀችም። ወርክሾፕ ውስጥ ሚስትህ ምንድን ነው ሥራዋ የሚለው ሰው ደግሞ ጉዱ ፈላ። ባለ ላሜራው መዶሻውን አስቀምጦ፣ መቀነቱን፣ ቤቱን፣ የሽቦውን መከፈት፣ ውሃ ውስጥ ያለችውን ሌላ ሴት፣ ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳዋል። ሰዎቹ መጀመሪያ ይሣሣቃሉ፤ ኋላ ግን ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ አንዳንዱም ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን አንድ ነገር ይጠይቃታል።

በሦስተኛው ዓመት አስተማሪዋ ልብሱን ይዛ መጣች። የገንዳው መድኃኒት ቀለሙን በልቶታል፣ ጨርቁም ሳስቷል። «እሱንማ እንዳትጥይው» አለች፤ አዲስ ልትለካ ነበር የመጣችው።

አስተማሪዋ ከሄደች በኋላ ሚሊሜትር ምላጯን አንሥታ አሮጌውን ክር በክር ፈታችው። ሠላሳ አንድ ቁራጭ ሆነ። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ባለ ላሜራው ከኋላዋ ቆሞ ተመለከተ፤ የነጣ ጨርቅ ብጥስጣሽ፣ ጠፍጣፋ፣ እዚህ ጎበጥ እዚያ ሸርተት ያለ። አንዱንም ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ማንም አይገምትም። ይሄ ነው እንግዲህ አንዲትን ሴት ሦስት ዓመት በውሃ ላይ የተሸከመው። እጁን ዘርግቶ ሊነካው አሰበና ተወው።

ሚሊሜትር አዲስ ወረቀት ዘርግታ እርሳሷን ቀረጸች። አንዱን ቁራጭ በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«እዚህ ጋ ተሳስቼ ነበር» አለች።

«የቱ ጋ?»

«እዚህ።»

ባለ ላሜራው መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። ጠርዙን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ተከተለው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። እንደገና አየው። ምንም ነገር አልታየውም።

«አየኸው?» አለች፣ ቀና ሳትል፣ አዲሱን መስመር ማስመር ጀምራ።

«ገና ነኝ» አላት።